ጨረታ፦ ከገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ እስከ ሆቴል ክፍል

አንድ ዕቃ ስንት ያወጣል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በአንዳንድ ቦታ ሻጩ ዋጋውን ቈርጦ ይለጥፋል፤ ገዢው ቢስማማው ይገዛል፣ ባይስማማው ትቶ ይሄዳል። በሌላ ቦታ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ይከራከራሉ፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ሲጨምር መካከል ላይ ይገናኛሉ። ሦስተኛው መንገድ ጨረታ ነው። በጨረታ ጊዜ ሻጩ አንድ ሲሆን ገዢዎቹ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ክርክሩ በሻጭና በገዢ መካከል መሆኑ ቀርቶ በገዢዎች በራሳቸው መካከል ይሆናል። ሻጩ ቆሞ ይሰማል፤ ገዢዎቹ እርስ በርሳቸው ዋጋውን ያወጡለታል።

ጨረታ በዓለም ላይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም በዘመናችን ከአደባባይ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ገብቷል። ዛሬ አንድ መንገደኛ ቤቱ ተቀምጦ በሩቅ አገር ባለ ከተማ ለሚያድርበት ክፍል ዋጋ መወዳደር ይችላል። መሣሪያው ቢለወጥም የነገሩ ሥርና ሕግ አልተለወጠም። ይህን ለመረዳት ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ወሰን ማዶ ያለችውን የገዳሪፍን ገበያ መመልከት ይጠቅማል።

ሀ. ገዳሪፍና ምድሯ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ በስሟ የሚጠራው ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ከካርቱም በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በወሰኑ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ከገላባትና ከመተማ ግን የምትርቀው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከተማይቱ የበቀለችው ከገበያ ነው። ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል ነበር፤ ትርጓሜውም «የአቡ ሲን ገበያ» ማለት ነው። አቡ ሲን የሹክሪያ ጎሣ አለቆች ቤተ ሰብ መጠሪያ ነው። ዛሬ ስለምትጠራበት ስምም የአካባቢው ሰዎች የሚያወሩት አፈ ታሪክ አለ። ቀኑ መሽቶ ገበያው ሲፈታ «ጉዳዩን የፈጸመ ይሂድ» የሚል ጥሪ ይሰማ ነበርና ስሟ ከዚያ ቃል ወጣ ይባላል። አባባሉ ታሪክም ይሁን ተረት፣ ሕዝቡ ከተማይቱን ከገበያ ለይቶ እንደማያያት ያሳያል።

የገዳሪፍ ምድር ሜዳማና ሰፊ ነው። አፈሩ በክረምት የሚጨቀይ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የባቡር ሐዲድ ከተማይቱን ከቀይ ባሕር ወደብና ከመካከለኛው ሱዳን ጋር አገናኛት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊቱ የሚሆን እህል ፈልጎ በዚሁ ምድር በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ አስጀመረ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ሆነች። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው፣ 100,000 ቶን ያህል እህል የሚይዘው ጎተራ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው።

ሰሊጥ ወሰን አያውቅም። ከሑመራ እስከ መተማና ቋራ፣ ከዚያም ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ ያለው ቈላ በአንድ ዐይነት አፈርና በአንድ ዐይነት ዝናብ አንድ ዐይነት ሰብል ያበቅላል። የአጨዳው ወቅት ሲደርስ ከደጋው የሚወርዱ ብዙ የቀን ሠራተኞች በመተማና በሑመራ ይሰማራሉ፤ ወሰኑን ተሻግረው በገዳሪፍ እርሻዎች የሚሠሩም አሉ። ሥራው ጥድፊያ ይጠይቃል። የሰሊጥ ፍሬ ከረጢት ከታች ወደ ላይ እየበሰለ ይሄዳል፤ ሲደርቅም በራሱ ይከፈታል። አጫጁ አንድ ሳምንት ከዘገየ የዓመቱ ድካም መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሰሊጡ ገና ሳይከፈት ታጭዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ይህን ሁሉ አልፎ በጆንያ የተሞላው ሰሊጥ ወደ ገበያ ሲጫን የገበሬው የዓመት ተስፋ አብሮ ተጭኗል።

ለ. በገበያው ውስጥ

በገዳሪፍ የሰብል ገበያ ሰሊጥና ማሽላ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ የኖረው በግልጽ ጨረታ ነው። ገበሬው ወይም ወኪሉ ጭነቱን ያቀርባል፤ ከጆንያው ናሙና እየወጣ በገዢዎች ፊት ይታያል። ገዢው ሰሊጡን በመዳፉ ይዞ ንጣቱን፣ ድርቀቱንና ከገለባና ከአፈር መጽዳቱን ይመረምራል። ከዚያ በኋላ አጫራቹ ዋጋ ይጠራል፤ ነጋዴዎቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየጨመሩ ይሄዳሉ። የሚጨምር ሲጠፋ የመጨረሻውን ዋጋ የጠራው ሰው አሸናፊ ይሆናል። ሻጩ ግን የወጣለት ዋጋ ካላረካው «አልሸጥም» ሊል ይችላል።

በዚህ ገበያ የሚሰሙት ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደሉም። በአማርኛ «ደላላ» የሚባለው ሻጭንና ገዢን የሚያገናኝ ሰው ነው፤ ቃሉ የመጣው ከዐረብኛ ነው። በሱዳን ግን «ደላላ» ማለት ጨረታው ራሱ ነው፤ ሰውዬው «ደላል» ይባላል። «ሐራጅ» የሚለውም ቃል ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን በአማርኛ በተለይ በዕዳ የተያዘ ንብረት በሕግ ትእዛዝ ሲሸጥ የሚጠራበት ቃል ሆኗል።

የመስፈሪያው ስም ደግሞ ያሳስታል። በኢትዮጵያ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። በሱዳን ሰሊጥ የሚሸጥበት «ቀንጣር» ከኩንታል ጋር ሥሩ አንድ የሆነ ቃል ቢሆንም ክብደቱ 100 ረጥል፣ ይኸውም 45 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ የመተማን ዋጋ ከገዳሪፍ ዋጋ ጋር የሚያነጻጽር ነጋዴ አስቀድሞ ሁለቱንም ወደ ኪሎ ግራም ካልለወጠ፣ የገንዘቡንም ምንዛሪ ካላሰላ፣ ከግማሽ በላይ ይሳሳታል። በጨረታ ውስጥ የመጀመሪያው ዕውቀት የሚሸጠው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሐ. አራቱ የጨረታ ዐይነቶች

ጨረታ በአራት ዋና ዋና ዐይነቶች ይከፈላል።

አንደኛው እንደ ገዳሪፍ ገበያ ዋጋ ከዝቅተኛ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ግልጽ ጨረታ ነው። የዚህ ጥቅሙ ተጫራቾች አንዱ የሌላውን ዋጋ እየሰሙ አሳባቸውን ማረም መቻላቸው ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ከከፍተኛ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድበት ነው። በአምስተርዳም አጠገብ በምትገኘው በአልስሜር የአበባ ገበያ የሚሠራው እንዲህ ነው። በሰሌዳ ላይ ያለው ምልክት እንደ ሰዓት እየዞረ ዋጋውን ይቀንሳል፤ መጀመሪያ የሚያስቆመው ገዢ አበባውን ይወስዳል። አበባ ቶሎ ስለሚጠወልግ ጨረታውም ፈጣን መሆን አለበት። ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን የሚላክ ጽጌረዳም በዚህ ገበያ ይሸጣል።

ሦስተኛው በታሸገ ፖስታ የሚቀርብ ጨረታ ነው። እያንዳንዱ ተጫራች የሌላውን ዋጋ ሳያውቅ የራሱን ጽፎ ያስገባል፤ ፖስታዎቹ በአንድ ቀንና ሰዓት ይከፈታሉ፤ ከፍተኛ ዋጋ የጻፈውም ያሸንፋል። በኢትዮጵያ የከተማ መሬት በሊዝ ሲሰጥ፣ መንግሥት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ሲሸጥ የሚሠራበት ይህ ነው። ተጫራቾች ዋጋቸውን ለየብቻ የሚያቀርቡበት አሠራር በገንዘብ ገበያም አለ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ለባንኮች የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ባወጣ ጊዜ የአንድ የአሜሪካ ዶላር አማካይ ዋጋ 107.9 ብር ሆኖ ነበር።

አራተኛው ዐይነት ከሦስተኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የጻፈውን ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ተጫራች የጻፈውን ዋጋ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል ሦስት ሰዎች 9,000፣ 8,500 እና 8,000 ብር ቢጽፉ፣ 9,000 የጻፈው ያሸንፋል፤ ነገር ግን የሚከፍለው 8,500 ነው። ይህ ሻጩን የሚጎዳ ይመስላል። ሆኖም ዊልያም ቪክሪ የተባለ ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ በዚህ ዐይነቱ ጨረታ ተጫራች ዋጋውን አሳንሶ ቢጽፍ ምንም አይጠቀምም። ዋጋውን ቢያሳንስ የማሸነፍ ዕድሉን ብቻ ያጣል እንጂ የሚከፍለው አይቀንስም። ስለዚህ እያንዳንዱ በልቡ ያለውን እውነተኛ ዋጋ ይጽፋል። ቪክሪ በ1996 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው በተነገረ በሦስተኛው ቀን ግን ዐረፈ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖል ሚልግሮምና ሮበርት ዊልሰን ስለ ጨረታ ባደረጉት ጥናት ይኸው ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

መ. የሰሊጥ ጆንያና ባዶ ክፍል

ሻጭ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለበት፦ ዛሬ ልሽጥ ወይስ ልቆይ? መልሱ እንደሚሸጠው ነገር ይለያያል። ሰሊጥ በደረቅ ቦታ በደንብ ከተቀመጠ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። በኅዳር የወጣለት ዋጋ ያላስደሰተው ገበሬ፣ ገንዘብ ካልቸገረው፣ እስከ የካቲት ሊጠብቅ ይችላል። ማሽላም እንዲሁ ነው። አበባ ግን ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ከሁሉ የባሰው የሆቴል ክፍል ነው። ዛሬ ማታ ሳይከራይ ያደረ ክፍል የዛሬን ሌሊት ነገ ሊሸጠው አይችልም። ሌሊቱ ነግቷልና ሸቀጡ ጠፍቷል።

ይህን በቁጥር መመልከት ይቻላል። አንድ ባለ 100 ክፍል ሆቴል አለ እንበል። የአንድ ክፍል የአዳር ዋጋ 3,000 ብር ነው። እንግዳ ሲያድር አንሶላ ለማጠብ፣ ለጽዳት፣ ለውሃና ለመብራት የሚወጣው 500 ብር ነው። በአንድ ምሽት 70 ክፍሎች በሙሉ ዋጋ ተከራዩ፤ 30 ባዶ ቀሩ። ለእነዚህ ለ30ዎቹ ከ500 ብር በላይ የሆነ ማንኛውም ዋጋ ባዶ ከማሳደር ይሻላል። ነገር ግን ባለቤቱ በይፋ «ክፍል 1,500 ብር ነው» ብሎ ቢለጥፍ 3,000 ሊከፍሉ የነበሩት 70 እንግዶችም 1,500 ብቻ ይከፍላሉ። ከባዶዎቹ ክፍሎች 30,000 ብር አተረፍኩ ሲል ከቀሩት 105,000 ብር ያጣል። ስለዚህ ሆቴሉ ባዶዎቹን ክፍሎች በርካሽ መሸጥ ይፈልጋል፤ ርካሽ መሸጡ እንዲታወቅበት ግን አይፈልግም።

ሠ. በኮምፒዩተር የሚደረግ የክፍል ጨረታ

ይህን የሻጩን ችግር ወደ ንግድ የለወጠው ፕራይስላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በጄይ ዎከር የተመሠረተው ይህ ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ገዢው ራሱ ዋጋ የሚጠራበትን አሠራር በኢንተርኔት ጀመረ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነበር። መንገደኛው እንደ ኒው ዮርክ ካለ ትልቅ ከተማ ውስጥ የሚፈልገውን ሰፈር፣ የሆቴሉን የኮከብ ደረጃ፣ የሚያድርበትን ቀንና ሊከፍል የሚፈቅደውን ዋጋ ይጽፋል። የባንክ ካርዱንም ቁጥር አስቀድሞ ይሰጣል። በዚያ ሰፈርና ደረጃ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ዋጋውን ከተቀበለ ገንዘቡ ወዲያውኑ ይቈረጣል፤ የሆቴሉም ስም የሚገለጠው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ሐሳብን መለወጥ፣ ገንዘብን ማስመለስ አይቻልም ነበር። ዋጋው ካልተቀበለ ደግሞ መንገደኛው ሰፈሩን፣ ደረጃውን ወይም ቀኑን ሳይለውጥ ወዲያውኑ ሌላ ዋጋ መጥራት አይፈቀድለትም።

እያንዳንዱ ሕግ ምክንያት ነበረው። የሆቴሉ ስም የተሰወረው በይፋ የሚጠይቀው ዋጋ እንዳይዋረድበት ነው። ገንዘቡ የማይመለሰው ቀልደኛውን ከእውነተኛ ገዢ ለመለየት ነው፤ በኢትዮጵያም በፖስታ ጨረታ ተጫራቹ የባንክ ማስያዣ እንዲያቀርብ የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ደጋግሞ መጥራት የተከለከለው ደግሞ ገዢው ብር በብር እየጨመረ የሻጩን የመጨረሻ ዋጋ እንዳያገኝ ነው።

ኩባንያው ይህን አሠራር በ2016 እ.ኤ.አ. ለአውሮፕላን ትኬት፣ ከዚያም በኋላ ለሆቴል ክፍል መጠቀሙን አቁሟል። ቢሆንም ከዚያ የተማረው ነገር አልጠፋም። ዛሬ በብዙ የኢንተርኔት ገበያዎች የሆቴሉ ስም ተሰውሮ፣ ዋጋው ግን በሻጩ ተቈርጦ፣ በቅናሽ የሚቀርብ ክፍል ይገኛል። ዕቃ በጨረታ የሚሸጥበት ኢቤይ የተባለው ገበያም በ1995 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ እየሠራ ነው።

ረ. ያሸነፈ ሁሉ አያተርፍም

በጨረታ ማሸነፍ ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። በ193 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሮም ንጉሠ ነገሥት ዘበኞች ጌታቸውን ገድለው ዙፋኑን በጨረታ አቀረቡት። ዲዲዩስ ዩልያኖስ የተባለ ባለጸጋ ለእያንዳንዱ ወታደር 25,000 ሴስተርስ ለመስጠት ተስማምቶ አሸነፈ። ነገር ግን ሌሎች የጦር አለቆች ተነሡበትና በ66ኛው ቀን ተገደለ።

ይህ ጥንታዊ ታሪክ ዛሬም ይደገማል። በ1971 እ.ኤ.አ. ሦስት የአሜሪካ የነዳጅ መሐንዲሶች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታዎችን በጨረታ ያሸነፉ ኩባንያዎች ከጠበቁት ያነሰ እንዳገኙ ጻፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከባሕሩ በታች ምን ያህል ዘይት እንዳለ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ይገምታል። አንዳንዱ አሳንሶ፣ አንዳንዱ አብዝቶ ይገምታል። ጨረታውን የሚያሸንፈው ግን ከሁሉ አብዝቶ የገመተው ነው፤ ስለዚህ አሸናፊው ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ሰው ይሆናል። ተጫራቾቹ በበዙ ቁጥር ይህ አደጋ ይብሳል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ተጫራች፣ በገዳሪፍ አደባባይም ሆነ በስልኩ መስኮት፣ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ጨረታ ከመግባቱ በፊት ተመሳሳይ ዕቃ በሌላ ቦታ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ከዚህ አላልፍም የሚለውን ዋጋ በረጋ ልብ ወስኖ በወረቀት ይጽፋል፤ እልህ ሲይዘው ወረቀቱን ያያል። ሦስተኛ፣ ከዋጋው በላይ የሚጨመረውን ይቈጥራል። ለሰሊጥ የጭነት፣ የጆንያና የቀረጥ ወጪ አለ፤ ለሆቴል ክፍል ደግሞ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ አለ። እነዚህን የዘነጋ ሰው በርካሽ ገዛሁ ብሎ በውድ ይገዛል።

ሰ. ከእጅ ምት ወደ ኮምፒዩተር

በወሰኑ ወዲህ ማዶም ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዐዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። ሰሊጥም ጥቂት ቆይቶ ወደዚህ ገበያ ገባ። ገበሬው ወይም ነጋዴው ሰሊጡን በሑመራ፣ በመተማ ወይም በሌላ ቦታ ባለ መጋዘን ያስረክባል። በዚያ ይመዘናል፤ ናሙናው ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል። በእጁ የሚይዘው የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ሰሊጡ መተማ ተቀምጦ ሳለ ሽያጩ አዲስ አበባ ላይ ይፈጸማል። ገዢው ዕቃውን ሳያይ የሚገዛው ደረጃውን አምኖ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግብይቱ የሚካሄደው በአዳራሽ በጩኸት ነበር፤ ሻጭና ገዢ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ይማታሉ፤ ምቱ ውል ነው። በ2008 ዓ.ም. ግን ኮምፒዩተር ሥራውን ተረከበ፤ ጩኸቱም ዝም አለ። በገዳሪፍ ገዢው ሰሊጡን በመዳፉ ይዞ ይገዛል፤ በምርት ገበያው ወረቀት አምኖ ይገዛል፤ የሆቴል ክፍል የሚገዛው መንገደኛ ደግሞ የኮከቡን ቁጥር ብቻ አምኖ ይገዛል። ገዢው ከዕቃው በራቀ ቁጥር ደረጃ የሚሰጠው ሰው ታማኝነት ይበልጥ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ከተዛባ ወይም ደረጃው በሐሰት ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ውሸቱን በፍጥነት ያሰራጨዋል እንጂ አያርመውም።

ሸ. ጨረታ የሚሰናከልበት

ጨረታ ፍትሐዊ ዋጋ የሚያወጣው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ እነርሱም ብዙ ተጫራቾች፣ እኩል ዕውቀትና የመቆየት ዐቅም ናቸው።

ገዢዎች በስውር ተስማምተው «ዛሬ አንተ ውሰድ፣ ነገ እኔ» ከተባባሉ ጨረታው የይስሙላ ይሆናል። ሻጩ በበኩሉ የራሱን ሰው አሰልፎ በውሸት ዋጋ ካስጨመረ ገዢው ይታለላል። ሁለቱም ክፉ ሥራዎች በአደባባይም በኢንተርኔትም ይፈጸማሉ።

ሦስተኛው ሳንካ ድህነት ነው። በሱዳን «ሸይል» የሚባል የቆየ የብድር ልማድ አለ። ገበሬው በክረምት ለዘርና ለአረም ገንዘብ ሲቸግረው ከነጋዴ ይወስዳል፤ ሰሊጡም ገና በማሳ ሳለ በዝቅተኛ ዋጋ የነጋዴው ይሆናል። መከሩ ደርሶ በገበያ ዋጋ ሲንር ገበሬው ቆሞ ከማየት በቀር የሚያገኘው የለም። ያልተበደረውም ቢሆን ከሩቅ መንደር መጥቶ በከተማ በሎካንዳ የሚያድር ከሆነ ዋጋ ይሻሻላል ብሎ በጠበቀ ቁጥር የአዳርና የምግብ ወጪው ይጨምራል። ገዢው ይህን ያውቃል። እዚህ ላይ የሆቴሉና የገበሬው ነገር ይገናኛል፤ ሆቴሉ ሌሊቱ ያመልጠዋል፣ ገበሬው ሌሊቱ ያስከፍለዋል። ሁለቱንም ጊዜ ያስቸኩላቸዋል፤ የተቸኮለም ሻጭ ዋጋ ይጥላል።

ዕውቀት የሚመጣበት መንገድ መዘጋትም እንዲሁ ይጎዳል። በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። የሌላውን ከተማ ዋጋ በስልክ ሲጠይቅ የኖረ ሻጭ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያምነው ፊቱ የቆመውን ገዢ ብቻ ይሆናል።

ቀ. ክፍል የጠፋበት ዘመን

ጨረታ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሠራል። ክፍል በዝቶ እንግዳ ሲያንስ ዋጋ ጠሪው እንግዳው ነው። እንግዳ በዝቶ ክፍል ሲያንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት በካርቱም ሲነሣ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሸሹ። ገዳሪፍ ከመጠጊያዎቹ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ በውስጧ ያሉ ቤቶችና ክፍሎች ኪራይ ናረ፤ ትምህርት ቤቶችም የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆኑ። ከብዙ አገሮች የመጡ በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ገላባትን አልፈው መተማ ገቡ። ከእነርሱ መካከል ለዓመታት በሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በእንዲህ ያለ ቀን ማንም አጫራች ሳይኖር ጨረታ ይካሄዳል። አንድ አባወራ ለአንድ ክፍል የሚችለውን ይጠራል፤ ሌላው ከእርሱ የተሻለ ገንዘብ ያለው ይጨምራል፤ ሦስተኛው ልጆቹን ይዞ ከዛፍ ሥር ያድራል። ዋጋው በትክክል «የገበያ ዋጋ» ነው፤ ሆኖም ክፍሉን ያገኘው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሳይሆን ይበልጥ ያለው ነው። ጨረታ ማን ብዙ ሊከፍል እንደሚችል ይለያል እንጂ ማን ይበልጥ እንደተቸገረ አይለይም። ስለዚህ በመከራ ጊዜ መጠለያ በጨረታ ብቻ አይደለደልም፤ የመንግሥት፣ የርዳታ ድርጅቶችና የደግ ጎረቤት ድርሻ ይገባበታል። በምሥራቅ ሱዳን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በረኀብ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንን ተቀብሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቶ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ተቀብሏል። በዚያ የተሰጠው ጥላ ዋጋ አልተጠራበትም።

በጠቅላላው ጨረታ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ሥራውን ላወቀ ሰውና በተገቢው ቦታ ሲውል ነው። የሰሊጡ ገበሬ የሚዛኑን ልክ፣ የሌላውን ገበያ ዋጋና የመቆየት ዐቅሙን ካወቀ ከድካሙ የሚገባውን ያገኛል። የክፍል ፈላጊው መንገደኛም የሚገዛው ምን እንደሆነ፣ መመለስ እንደማይችልና የት ላይ ማቆም እንዳለበት ካወቀ በጥቂት ገንዘብ መልካም ዕረፍት ያገኛል። ይህን የማያውቅ ግን በአደባባይም ቢጮኽ፣ በኮምፒዩተርም ቢጽፍ፣ ዋጋውን የሚያወጡለት ሌሎች ናቸው።